በሥዕል ስለ ተሠራች አንዲት ከተማ

የካርቱን ፊልም ለሕፃናት ብቻ የተሠራ ጨዋታ ነው የሚለው አስተያየት በብዙ ሰዎች ዘንድ የጸና ነው። ይህንን አስተያየት ለመንቀፍ ብለን ብዕር አላነሣንም፤ ሕፃናትም ቢሆኑ መጥፎ ተመልካቾች አይደሉምና። ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአንድ ወዳጃችን ቤት የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች አለን። ከመካከላችን መምህራን አሉ፤ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ፤ የባለቤቱ ልጅ የሆነች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አለች። በእርስዋ አሳሳቢነት ላለፉት ወራት አንድ በሥዕል የተሠራ ተከታታይ ፊልም ስንመለከት ቆይተናል። ስለ ፊልሙ ያደረግነው ክርክር አንዳንድ ጊዜ ከፊልሙ ይልቅ ይረዝም ስለ ነበር፣ ከዚያ ክርክር የቀረልንን ለአንባቢዎቻችን ብናካፍል ደግ መስሎ ታየን።

ፊልሙ «አቫታር፤ የመጨረሻው አየር ገሪ» ይባላል። ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒየትስኮ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፈጠሩት ሲሆን፣ ኒኬሎዲዮን በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 ድረስ በ61 ክፍሎች ታየ። ተከታዩ «የኮራ አፈ ታሪክ» ደግሞ ከ2012 እስከ 2014 ድረስ በ52 ክፍሎች ቀረበ። የሥዕሉን ሥራ በአብዛኛው የሠሩት በደቡብ ኮርያ የሚገኙ ስቱዲዮዎች ናቸው።

የታሪኩ መሠረት ቀላል ነው። በዚያ ዓለም አራት ሕዝቦች ይኖራሉ፤ የውሃ ነገዶች፣ የምድር መንግሥት፣ የእሳት ሕዝብና የአየር ዘላኖች ናቸው። በየሕዝቡ መካከል አንዳንድ ሰዎች ውሃውን፣ አፈሩን፣ እሳቱን ወይም አየሩን በእጃቸውና በእግራቸው እንቅስቃሴ የማዘዝ ችሎታ ይዘው ይወለዳሉ። እነዚህን ሰዎች፣ ፈረስን ለኮርቻ ከሚገራ ሰው ጋር አመሳስለን፣ በዚህ ጽሑፍ «ገሪዎች» እንላቸዋለን። አራቱንም የሚገራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም አቫታር ይባላል። ታሪኩ ሲጀምር የእሳት ሕዝብ በሌሎቹ ላይ ጦርነት ካነሣ መቶ ዓመት ሆኖታል።

ፈጣሪዎቹ ይህንን ዓለም ሲያቆሙ የወሰዱት ጥንቃቄ በእውነት የሚያስመሰግን ነው። የገሪዎቹ እንቅስቃሴ እንዲያው የተፈጠረ አይደለም። የውሃው ከታይ ቺ፣ የአፈሩ ከሁንግ ጋር፣ የእሳቱ ከሰሜን ሻኦሊን፣ የአየሩ ከባጓ የተወሰደ ነው፤ አራቱም በቻይና የታወቁ የትግል ጥበቦች ሲሆኑ፣ ይህንኑ የሚያማክር መምህር ተቀጥሮ ነበር። በየግድግዳውና በየደብዳቤው ላይ የሚታየው ጽሕፈትም እውነተኛ የቻይና ጽሕፈት ነው። እንስሶቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው የተዳቀሉ ናቸው። ይህም ልማድ በተመልካቹ አእምሮ እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ፣ አንድ ንጉሥ እንዲያው ድብ ብቻ የሆነ ድብ አሳድጎ በተገኘ ጊዜ የፊልሙ ሰዎች ሁሉ ግራ ሲጋቡ፣ እኛም አብረን ግራ ተጋባን። በገዛ ዓለማችን የለመድነውን ድብ እንግዳ ማስመሰል የቻለ ደራሲ ሥራውን አውቋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ደራሲ ዓለም ሠራሁ ብሎ ተራራውንና ዘንዶውን ሲያሳየን፣ እኛ ልንጠይቀው የሚገባን ሌላ ነገር ያለ ይመስለናል። ሰዎቹ እህሉን ከየት ያመጡታል? ባቡሩን የሚገፋው ማን ነው? ወረቀት ሳይዝ የመጣ ሰውስ ምን ይሆናል? የፊልሙ ሁለተኛ መጽሐፍ እነዚህን ጥያቄዎች ባ ሲንግ ሴ በተባለች ከተማ ይመልሳቸዋል፤ የክርክራችንም መነሻ ይህች ከተማ ነበረች።

ባ ሲንግ ሴ የምድር መንግሥት ዋና ከተማ ናት። በውጭ በኩል አንድ ታላቅ ግንብ አለ፤ ከዚያ ሰፊ የእርሻ መሬት ይከተላል። ከተማይቱ የ600 ቀን ከበባ ችላ ያለፈችው በዚህ ነው፤ እህሏ በግንቧ ውስጥ ይበቅላልና። ከእርሻው ወዲያ ሁለተኛ ግንብ አለ፤ በዚያም ውስጥ ከተማይቱ ራሷ በሦስት ቀለበት ተከፍላለች። በታችኛው ቀለበት ስደተኞችና በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ይኖራሉ። በመካከለኛው ንግዱና ዩኒቨርሲቲው ይገኛሉ። በላይኛው ባለጸጎችና ሹማምንት ተቀምጠዋል፤ በመካከሉም ቤተ መንግሥቱ አለ። በቀለበት መካከል ሁሉ ግንብ አለ። ባቡሩ የድንጋይ ሠረገላ ሲሆን፣ የሚነዳው በአፈር ገሪዎች ጉልበት ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ቢመስልም ልብ ሊባል ይገባል። በባ ሲንግ ሴ ከተማ ገሪ መሆን ሰውን ጌታ አያደርገውም፤ በተሰጠው ጸጋ ባቡር ሲገፋ የሚውል ሰው አለ። ጌታና ሎሌ የሚለዩት በትውልድ፣ በሀብትና ወደ ከተማው በገቡበት ጊዜ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ግን ከተማይቱ ገና ሳትታይ የሚመጣ አጭር ትዕይንት ነው። በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች በአንድ ስውር ወደብ ተሰብስበው ወደ ባ ሲንግ ሴ የሚሻገሩበትን መርከብ ይጠብቃሉ። ትኬት የምትሰጠው ሴት የይለፍ ወረቀት ለሌለው ሁሉ ፊቷን ታጠቁራለች። ከሰልፈኞቹ መካከል ወረቀታቸው የተሰረቀባቸው ባልና ሚስት አሉ፤ ሚስትየዋ የመውለጃዋ ወራት የደረሰ ነፍሰ ጡር ናት። ሴትዮዋ አልሰማቻቸውም። አቫታሩ ቢለምናትም፣ ሥርዓት ካልተጠበቀ ሥልጣኔ ራሱ ይፈርሳል ስትል መለሰችለት። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ከአቫታሩ ጋር የነበረችው ቶፍ የምትባል ዓይነ ስውር ልጅ ቀርባ፣ የቤተሰብዋ የወርቅ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥታ ነበር። ቤተሰብዋ ቤይፎንግ የተባሉ የታወቁ ባለጸጎች ናቸው። ትኬት ቆራጭዋ ወዲያው አጎነበሰች፤ ወረቀት ለሌላቸው ለሦስቱ ጓደኞቿ ጭምር አራት ትኬት ቆረጠችላቸው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ የእሳት ሕዝብ ልዑል የነበረው ዙኮና አጎቱ አይሮ ስማቸውን ለውጠው በሐሰተኛ ወረቀት ወደዚያችው ከተማ ገቡ። አይሮ ማለት ያንን የ600 ቀን ከበባ የመራው የጦር አዛዥ ነው። በባቡር ጣቢያው የምትመረምረው ሴት ወረቀቱን አየች፤ አይሮም ስለ መልኳ ጥቂት ለስላሳ ቃል ጣል አደረገላት፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ ብላም አሳለፈቻቸው።

ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ አሉ። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት ከመስኮት ጀርባ ተቀምጠው ባለጉዳይ ሲያስተናግዱ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ናቸው። በትኬት ቆራጭዋ ሁላችንም ስንስቅ እርሳቸው አልሳቁም ነበርና፣ ትዕይንቱ እንዳለቀ ተናገሩ።

«እናንተ ትስቁባታላችሁ። አንዱን ያለ ወረቀት ያሳለፈች እንደ ሆነ ሁለተኛውን በምን ትመልሰዋለች? ከኋላ ያለው ሰልፍ እኮ ለእናንተ አይታያችሁም፤ ለእርስዋ ግን ይታያታል። ነገ ደግሞ የበላይዋ ጠርቶ ይጠይቃታል። መስኮት ላይ የሚቀመጥ ሰው ርኅራኄውን ቤቱ ትቶ የሚመጣ ሳይሆን፣ የሚያደርግበት ቦታ ያጣ ነው።»

ተማሪዋ በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳትለሳለስ መለሰችላቸው። «ጋሼ፣ ሕጉን ሕግ እንበለው፤ እኔም እቀበላለሁ። የወርቁን ማኅተም ባየች ጊዜ ግን ያ ሕግ የት ሄደ? ሦስቱ ልጆች ወረቀት አልነበራቸውም።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እርሱንም አውቀዋለሁ ልጄ» አሉ። «ማኅተም ሲመጣ እጅ ራሱ ይነሣል፤ አእምሮ የሚደርሰው ኋላ ነው።»

ስለ ባ ሲንግ ሴ ከተነገረው ሁሉ ይህን የሚያህል አልሰማንም። ያ ትዕይንት ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ የተሠራውም ለማሳቅ ነው። ነገር ግን የሦስቱን ቀለበቶች ሥርዓት ግንቡ ከመታየቱ በፊት ነግሮናል። ነፍሰ ጡሯ የተመለሰችው ወረቀት ስላልነበራት ነው እንዳንል፣ ሦስቱ ልጆች ያለ ወረቀት አልፈዋል። ግንቡ ጠላትን ለመከልከል ቆሟል እንዳንል፣ ከተማይቱን የከበበው አዛዥ በሐሰተኛ ስም ገብቶ የታችኛው ቀለበት ሻይ ቤት ውስጥ ሻይ ቀጂ ሆኖ ተቀጥሯል። ባልና ሚስቱ ግን አደገኛ በሆነ ጠባብ መተላለፊያ በእግራቸው ተጉዘው፣ ሕፃንዋ በመንገድ ላይ ተወለደች። ፈጣሪዎቹ ይህንን ሁሉ ሲያሳዩን አንድም የምክር ቃል አልጨመሩበትም፤ በዚህም እናመሰግናቸዋለን።

በከተማይቱ ውስጥ ያለው ጉዳይ የታወቀ ስለሆነ አናስረዝመውም። ዳይ ሊ የተባሉ ምስጢራዊ ጠባቂዎች አሉ፤ በግንቡ ውስጥ ስለ ጦርነቱ ማውራት ክልክል ነው። አስገራሚው ነገር ንጉሡ ራሱ ጦርነት መኖሩን አለማወቁ ነው፤ በውጭው ግንብ ላይ የተተከለውን የጠላት መሣሪያ ወስደው በዓይኑ እስኪያሳዩት ድረስ አላመነም። ግንቡ የታችኛውን ሰው ከላይ እንዳይደርስ እንደሚከለክለው፣ የላይኛውንም እንዳያይ ይከለክለዋል ማለት ነው። ከእኛ አንዱ የታሪክ መምህር ይህ ማጋነን ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ከእውነቱ ያነሰ ነው አለ፤ ሁለቱም ስም ጠርተው ምሳሌ ሊያመጡ ሲሉ ቡናው ደረሰ።

ወደ ሁለተኛው ፊልም ስንሸጋገር ነገሩ ተለወጠ። «የኮራ አፈ ታሪክ» የመጀመሪያው ታሪክ ከተፈጸመ ከ70 ዓመት በኋላ የሚሆን ነው። ሪፐብሊክ ከተማ የምትባል አዲስ ከተማ ቆማለች፤ አውቶሞቢል፣ ራዲዮና የኤሌክትሪክ መብራት አሉ። አሠራርዋ በ1920ዎቹ የነበሩትን ሻንጋይንና ኒው ዮርክን እንዲመስል ተደርጓል። በዚህች ከተማ ግንብ የለም። ነገር ግን በገሪዎችና ገሪ ባልሆኑ ሰዎች መካከል ጠብ ተነሥቷል፤ ጭንብል ያጠለቀ አሞን የተባለ ሰው፣ ሁሉም እኩል ይሁን እያለ ሕዝቡን ይሰበስባል፤ የገሪዎችንም ኀይል በእጁ ነክቶ ያጠፋል።

የኢኮኖሚ መምህር የሆነው ጓደኛችን ይህንን አመፅ ከመጀመሪያው አላመነበትም። ማስረጃውም የሚናቅ አልነበረም። የከተማይቱ ታላቅ ባለጸጋ ሂሮሺ ሳቶ ገሪ አይደለም፤ በወጣትነቱ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ይጠርግ የነበረ፣ በኋላ አውቶሞቢል ሠርቶ የከበረ ሰው ነው። ለአሞን መሣሪያ የሚሠራለትም እርሱ ነው። በአንጻሩ ማኮና ቦሊን የተባሉት ወንድማማቾች ገሪዎች ናቸው፤ ግን ወላጆቻቸው ሞተውባቸው በመንገድ ላይ ያደጉ ልጆች ናቸው። «ታዲያ ድኻው ማን ነው? ጌታውስ ማን ነው?» አለ መምህሩ። «ይህ የሀብታም ሰው ጦርነት ነው፤ የድኻ ልብስ ለብሶ የመጣ።»

ስለ ማኮ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ልናልፍ አንፈቅድም። በመጀመሪያው ፊልም መብረቅን ከእጁ ማውጣት የሚችለው እጅግ ጥቂት ሰው ነበር፤ የምናየውም በእሳት ሕዝብ ነገሥታት ቤት ነው። ልዑሉ ዙኮ ሊማረው ፈልጎ ሳይሳካለት ቀርቷል። ከ70 ዓመት በኋላ ግን ማኮ ለውድድር መግቢያ የሚሆን ገንዘብ ሲያስፈልገው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሄደ፤ በዚያም ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በሰልፍ ቆሞ መብረቅ እያወጣ ወደ መሣሪያው ይልካል። ሥራው ሲያልቅ ደመወዙን ተቀብሎ ይወጣል። የነገሥታት ምስጢር የነበረው የቀን ሠራተኛ ሙያ ሆነ። ስለዚህ ለውጥ በፊልሙ ውስጥ ማንም አንድ ቃል አይናገርም። አንድ ዓለም ዕድሜ እንዳለው የሚታወቀው እንዲህ ባለው ነገር ነው እንላለን፤ ከድቡም ይልቅ ይህንን አደነቅን።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ለኢኮኖሚ መምህሩ የተሰጠው መልስ ከተማሪዋ ነበር፤ እኛም ከእርስዋ ጋር እንስማማለን። የገሪ ያልሆኑት አቤቱታ የእንጀራ አይደለም፤ የሕግ ነው። የከተማይቱ ፖሊሶች ብረት የሚገሩ ናቸው። ከነጋዴዎች ገንዘብ በማስፈራራት የሚሰበስቡት ወሮበሎችም ገሪዎች ናቸው። የሳቶ ሚስት የተገደለችው በእነዚህ ወሮበሎች በአንዱ እሳት ነው፤ ሀብቱ አላዳናትም። የከተማው ምክር ቤት አባል የሆነው ታርሎክ ደግሞ የአሞንን ወገኖች ለመያዝ ብሎ፣ ገሪ ያልሆነ ሰው ሁሉ በሌሊት ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ ከታዩት ሁሉ ይበልጥ የከበደን ነው። የአንድ ሰፈር መብራት ተቋረጠ። ሰዎቹ ከየቤታቸው ወጥተው በጨለማው አደባባይ ቆመው መብራታችንን መልሱልን ይላሉ። መሣሪያ የያዘ አንድም የለም። ፖሊሶቹ የቆሙበትን መሬት እየቆረሱ ሰዎቹን ከነመሬቱ አነሥተው ወሰዷቸው። ከመካከላቸው አንዲት እናት ልጅዋን አቅፋ አቫታሯን፣ አንቺ የእኛም አቫታር ነሽ እያለች ትጮኻለች።

እንግዲህ ይህንን ያየ ተመልካች መልስ ይጠብቃል። የመጣው መልስ ግን ሌላ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ አሞን ራሱ ውሃ ገሪ መሆኑ ተገለጠ፤ ገሪዎች አቃጠሉኝ ብሎ ያሳየው የፊቱ ጠባሳ ቀለም ሆኖ በባሕሩ ውሃ ታጠበ። ተከታዮቹም አፍረው ተበተኑ፤ ነገሩም በዚያ አለቀ። በሁለተኛው መጽሐፍ ገሪ ያልሆነ ፕሬዚዳንት ተመርጦ እናያለን፤ ያ መብራቱ የተቋረጠበት ሰፈር ግን እንዴት እንደ ሰነበተ ብዙ አልተነገረንም።

በዚህ ላይ የነበረው ክርክር እስከ ምሽት ቆየ። የታሪክ መምህሩ ለፊልሙ ተከራከረ። መሪው ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ሕዝብ መበተኑ በዓለም የታየ ነገር ነው፤ ደግሞም ያ መጽሐፍ መጀመሪያ የታሰበው በ12 ክፍል ተጀምሮ እንዲያልቅ ስለ ነበር ጊዜ አልነበራቸውም አለ። ይህ እውነት ነው፤ እኛ ግን በፍርዱ አልተስማማንም። የሰውዬው ፊት ቀለም ነበረ፤ የተቋረጠው መብራት ግን ቀለም አልነበረም። የአቤቱታ አቅራቢው ሐሰተኛነት ሲረጋገጥ መዝገቡን መዝጋት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ይህንን ሽማግሌው ጓደኛችን ከማንም ይልቅ በሚገባ አስረድተውናል። የባ ሲንግ ሴ ፈጣሪዎች ግን እንዲህ ያለውን መዝገብ እንዳይዘጉት ተስፋ አድርገን ነበር፤ በወደቡ መስኮት ላይ ያሳዩን ዓይን የእነርሱው ነበርና።

በሦስተኛው መጽሐፍ ወደ ባ ሲንግ ሴ ተመለስን። አሁን የምትገዛው ንግሥት ሑ ቲንግ ናት፤ ግብር ታስከፍላለች፤ ሦስቱ ቀለበቶችም እንደ ነበሩ ናቸው። ማኮና ቦሊን በታችኛው ቀለበት የአባታቸውን ዘመዶች አገኙ። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጠባብ ቤት ታጭቆ ይኖራል፤ የሚመሩትም አያታቸው ናቸው። ቦሊን ንግሥቲቱን በክፉ ስታነሣ አሮጊቷ በቁጣ ገሠጹት፤ በግድግዳው ላይ የንግሥቲቱ ሥዕል በክብር ተሰቅሏል። ቆየት ብሎ ዛሂር የተባለው ሰው ንግሥቲቱን ገደላት፤ ግንቦቹም ፈረሱ፤ የታችኛው ቀለበት ሰዎች ወደ ላይኛው ገብተው የቤተ መንግሥቱን ዕቃ እየተሸከሙ ወጡ። ከተማይቱ ተቃጠለች። ግንቡ ይፍረስ ስንል የሰነበትን ሰዎች ሲፈርስ አይተን ደስ ያለን አልነበርንም፤ ዕቃውን ከተሸከሙት መካከል ግን አንዱን እንኳ ልንወቅስ አፋችን አልተከፈተም።

የኢኮኖሚ መምህሩ ወደ አሮጊቷ ተመለሰ። በረሃብና በጭንቅ ለሚያኖራቸው መንግሥት ሥዕል ሰቅለው መስገዳቸው ከሁሉ ይልቅ እንዳናደደው ተናገረ። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ሥዕሉን ያውርዱት እንበል፤ በቦታው የሚሰቅሉት ምን አላቸው?» ብለው ጠየቁት። መምህሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ተማሪዋ ግን ሰዓቱ ሄዷል ብላ የሚቀጥለውን ክፍል ጀመረችው።